የጠማቂው ሚስት እርሾ

ጎሚኒ ይሏታል። ሥራዋም ጎሚኒ መቀየር ነው። ቧንቧ ከቧንቧ፣ ክዳን ከበርሜል ሲገጥም በመካከል ገብታ ፍሳሽ የምትከለክለውን የጎማ ቀለበት፣ ደህና ሳለች ማንም አያስታውሳትም፤ የተበላሸች ዕለት ግን ቤት ሙሉ ሰው ይጮህባታል። ቅጽል ስሙን ያወጣላት የወርክሾፑ ተላላኪ ነበር፣ ለስድብ። ሲውል ሲያድር ስድቡ ረገፈና ስሙ ቀረ። አሁን እናትና አባቷ ባወጡላት ስም የሚጠራት ሰው ቢመጣ፣ ዞር ብላ ከኋላዋ የቆመ ሰው ትፈልጋለች።

ትምህርት ያቋረጠችው ገና ልጅ ሳለች ነው። አባቷ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ዓይኑ እየደከመ ሲሄድ መርፌው ላይ ክር የሚያስገባለት ሰው አስፈለገውና ከልጆቹ ሁሉ እሷ ተመረጠች። «ለሴት ልጅ ይህን ያህል ፊደል ይበቃታል» ተባለ፣ በቃት። አባቷ ሲሞት ወደ ጎማው ወርክሾፕ ገባች። ከዚያ ወዲህ የጎማ ቀለበትና መፍቻ የተሞላ ከረጢቷን አንግታ፣ የወተት ቤት፣ የጭማቂ ቤት፣ የሳሙና ፋብሪካ እያለች ከከተማ ከተማ ትዞራለች። እጇ ሲታጠብም ሲደርቅም ጎማ ጎማ ይሸታል።

ባሏ ዘበኛ ነው። እሱ ሌሊት ይሠራል፣ እሷ ቀን ትጓዛለች፤ እንደ ፀሐይና ጨረቃ በር ላይ ይተላለፋሉ። «ደህና ነሽ?» ይላታል። «ደህና ነኝ» ትለዋለች። ጉልበቷ ሲጠዘጥዛት ቢያድርም ደህና ነኝ ነው፤ እሱም ሲያስለው ቢያድር ደህና ነኝ ነው። ትዳራቸው በዚህች ቃል ተደግፎ ቆሟል። ከኑሮ ከዚህ የበለጠ መጠየቅ ከተወች ቆይታለች።

አንድ ሰሞን፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ ወደምትገኝ ትንሽ ከተማ ላኳት። እዚያ አንድ ሰው በገዛ ቤቱ ቢራ ይጠምቃል፤ የታንከሮቹ ጎሚኒ አርጅቶ ማንጠባጠብ ስለጀመረ የሚቀይርለት ፈለገ። ቤቱ ድሮ የዱቄት መጋዘን ነበር። ከኋላ ታንከሮቹ፣ ፓምፑና ቧንቧዎቹ ያሉበት ወለሉ ሲሚንቶ የሆነ ክፍል አለ፤ ከፊት ደግሞ ጥቂት ጠረጴዛና አንድ ረጅም ባንኮኒ ያለበት መጠጫ ቤት። ሁለቱን የሚለየው በር ሳይሆን ተሸንሽኖ የተንጠለጠለ ወፍራም የላስቲክ መጋረጃ ስለሆነ፣ ከወዲያ የሚወራው ከወዲህ ይሰማል።

ጠማቂው ስልሳን የተሻገረ፣ ትከሻው የሰፋ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነው።

«እንኳን ደህና መጣሽ፣ እህቴ። ወንድ ይልካሉ ብዬ ነበር የጠበቅሁት።»

«ወንዱ ጉልበቱን ያመዋል። እኔንም ያመኛል፤ ግን እኔ አልተናገርኩም።»

ሳቀ። ሳቁ ግን ከጎረቤት እንደተዋሱት ዕቃ ቶሎ ወደመጣበት ተመለሰ።

ክፍሉን እያዞረ አሳያት። በስተመጨረሻ ጥግ ላይ ካለው ማቀዝቀዣ አጠገብ ቆሞ በሩን ከፈተው። ውስጡ አፈ ሰፊ የመስታወት ዕቃ ተቀምጧል። የሴት ሰማያዊ ሻሽ አፉ ላይ ታስሮበታል።

«የቀረውን ሁሉ ፈትተሽ ብትዘረግፊው ግድ የለኝም። ይቺን ብቻ እንዳትነኪብኝ።»

«ምንድን ናት?»

«እርሾ ናት። የባለቤቴ ናት።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ቢራ ተጠምቆ ሲያልቅ ከታች የሚዘቅጠው እርሾ አይጣልም። ከእሱ ተቀንሶ ይቀመጥና የሚቀጥለው ጠመቃ ይነሣበታል፤ ከዚያም የሚቀጥለው። ሚስቲቱ በእጇ ያስነሣቻት እርሾ እንዲህ ከአንዱ ወደ አንዱ ስትወራረስ ኖራ፣ ሴትዮዋ ብትሞትም እርሾዋ አልሞተችም። ጠማቂው ጠዋት ሲገባ ከሁሉ በፊት የሚከፍተው ያንን ማቀዝቀዣ ነው። ጎንበስ ብሎ በሹክሹክታ የሚላት ነገርም አለ፤ ምን እንደሚላት ግን ሰምቶ የሚያውቅ የለም።

ባልና ሚስቱ የታመሙት በአንድ ሰሞን ነበር። እሷ ሳትነሣ ቀረች። እሱ ተነሣ፤ ግን ሽታና ጣዕም የሚባል ነገር ጠፋበት። ሽንኩርት ቢከትፍ፣ ላምባ ቢደፋ ለእሱ ያው አየር ነው። ዱሮም ቢሆን ጠማቂው እሱ፣ ቀማሿ እሷ ነበረች።

«ስትሄድ አፍንጫዬንም ምላሴንም ይዛብኝ ሄደች» አላት፤ ጎሚኒ ተንበርክካ የፓምፑን ክዳን ስትፈታ እሱ የተገለበጠ ሳጥን ላይ ተቀምጦ ነው ይህን ሁሉ የነገራት።

«እንግዲህ ምን ይደረጋል፣ ጋሼ» አለች። የሰው ኀዘን ሲነገራት ሁልጊዜ የምትለው ይህንኑ ነው። ሌላ ቃል ቢኖርም የተማሩት ይወቁት።

«አሁን የምቀምሰው በሰው አፍ ነው። መንገደኛ ሲመጣ አስቀምሰዋለሁ። መንገደኛ ምን ይለኛል ብሎ አይፈራም።»

ይህን ሲል እውነት መስሎት ነበር። የመንገደኛን ይሉኝታ አላወቀውም። የሰው ቤት ተቀምጦ፣ የሰው ብርጭቆ ይዞ፣ «ይሄ አይጠጣም» የሚል ከየት ይመጣል።

ሥራዋን ጨርሳ ውሃ አሳለፈችበት። ጠብ የሚል ነገር የለም። ጠማቂው በእጁ እየዳሰሰ አየና ደስ አለው፤ ምክንያቱም ቀኑ ተራ ቀን አልነበረም። ከዋናው መንገድ ዳር ያለው ትልቁ ሆቴል ቢራውን ለመጀመሪያ ጊዜ ሊወስድ ነው፤ መኪናው ከሰዓት በኋላ ይመጣል። የከተማው ሰው ብቻውን ይህን ቤት አያቆመውም። ሆቴሉ ከወደደው ቤቱ ይቆማል፤ ካልወደደው ግን የመጋዘኑን ቁልፍ ለባለቤቱ መልሶ ከዘመድ መጠጋት ነው፤ ይህንንም ነግሯታል።

«ነይ አሁን አረፍ በይ። መንገደኛ ሳይቀምስ አይወጣም። የእሷ ደንብ ነው።»

አራቱን ትናንሽ ብርጭቆዎች በጣውላ ላይ ደርድራ ያመጣችው የሚስቱ እህት ናት። በከተማው «ታናሿ» ይሏታል። ታላቋ ከሞተች በኋላም ስሙ አልተለወጠም፤ ታላቅ የሌላት ታናሽ ሆና ቀረች። ባንኮኒውን የምትይዘው፣ ብርጭቆ የምታጥበው፣ ጠማቂው ጨው የበዛበት ወጥ ሲበላ ሳህኑን ከፊቱ የምታነሣው እሷ ናት።

ጎሚኒ መጠጥ ላይ ብዙም አይደለችም። ግን በመንገድ የሰጧትን መቀበል ለምዳለች። ወርቃማውን አነሣች። አረፋው ጥሩ ነው፣ መልኩም ጥሩ ነው። አፏ ውስጥ ሲገባ ኮመጠጣት። መኮምጠጡስ ይሁን፤ ከመኮምጠጡ ኋላ ግን ሌላ ነገር መጣ፤ ባልዲ ውስጥ ተረስቶ የሰነበተ የወለል መወልወያ ጨርቅ ዓይነት ነገር።

መጀመሪያ የጠረጠረችው ራሷን ነው። ጣቶቿን አሸተተች። ጎማ ነው፣ እንደ ሁልጊዜው። ይሄኛው ጎማ አይደለም። ቀዩን ቀመሰች፤ ያው ነው። ጥቁሩ ትንሽ ሸፋፈነው እንጂ ያው ነው። አራተኛው ደፍረስ ያለው ደግሞ ጭራሽ ባሰ። የአንድ አባት ልጆች በመልክ ቢለያዩም በአፍንጫ እንደሚገናኙ፣ አራቱም እዚያችው ጨርቅ ላይ ይገናኛሉ።

ጠማቂው ፊት ለፊቷ ተቀምጦ ጉሮሮዋን ያያል። ጉሮሮዋ ዋጠ።

ከጎን ያለው ጠረጴዛ ላይ አንድ ብረት በያጅ ትልቅ ብርጭቆ ይዞ ተቀምጧል፤ ከዕለት ደንበኞቹ አንዱ ነው። ዓይኑን ጨፍኖ አንድ ጊዜ ተጎነጨና ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«ዛሬ ደግሞ ልዩ ናት፣ ጋሼ። እጅዎ ይባረክ።»

«አንተ እንኳ ሁልጊዜም ልዩ ናት ነው የምትለው።»

«ሁልጊዜም ልዩ ከሆነች ምን ላድርጋት?»

ጠማቂው የስልክ ድምፅ ሰምቶ ወደ ኋላ ክፍል ገባ። በያጁ ወዲያው ክንዱን ዘርግቶ ግማሹን ቢራ መስኮቱ ሥር ያለ የአበባ ማሰሮ ውስጥ ገለበጠው። አበባዋ ከደረቀች ቆይታለች።

«ምን ታዪኛለሽ፣ እህቴ?» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ተካፍለን ነው የምንጠጣው። እሷ አልቻለችውም። እኔ እንግዲህ ብረት ስለምበላ ነው መሰለኝ አለሁ።»

«ለምን አትነግሩትም?»

«ሐዘንተኛ ይነቀፋል?» ብሎ የቀረውን በአንድ ትንፋሽ ጨለጠው፤ ፊቱ መድኃኒት የሚጠጣ ሰው ፊት ነበር።

ጠማቂው ተመለሰ። መኪናው መንገድ ላይ ነው ብለውታል። ተቀመጠና እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጠየቃት።

«እንዴት ናት፣ እህቴ?»

«ደህ...» አለችና ቃሉ አፏ ላይ ቆመ።

ያን ጊዜ አባቷ ትዝ አላት። ዓይኑ ሲደክም ስፌቱ መጣመም ጀምሮ ነበር። አንዱ እጅጌ ከሌላው ረዘመ፤ የሱሪው እግር ወደ ጎን ሄደ። ሰፈርተኛው ትንፍሽ አላለም። «ምን አንጀት ይዘን እንነግረዋለን» እያለ ጠማማውን ኮት ለብሶ ይሄዳል፤ ቤቱ ሲገባም ሚስቱ ፈትታ ትሰፋለታለች። አባቷ በጣቱ እየዳሰሰ «ቀጥ ብሏል?» ይላታል። «ቀጥ ብሏል፣ አባባ» ትለዋለች። አንድ ቀን ሱሪ ሊያሳጥር የገባ መንገደኛ፣ ክፋት ሳይኖርበት፣ «አባቴ፣ ይሄኮ ጠማማ ነው» አለው። ሽማግሌው መንገደኛውን አልተቆጣም፤ አመስግኖ ሸኘው። ከዚያ ወደ ልጁ ዞረና፣ «አንቺም ታዪ ነበር?» አላት። ከዚያች ቀን ወዲያ ክር አስገቢልኝ ብሏት አያውቅም። እስኪሞት ድረስ ውሃ እንኳ የሚያቀብለው ሌላ ሰው ነበር።

«ቀስ ብዬ ልጠጣት፣ ጋሼ» አለች። «እጄንም ልታጠብ፤ ጎማው ጣዕሙን እየቀላቀለብኝ ነው።»

«ደግ። ጊዜ አለን።»

የእጅ መታጠቢያው ጓሮ ነው። ታናሿ ሳሙና ይዛ ተከትላት ወጣች። ቧንቧውን ከፈተችላትና ውሃው እየወረደ ቆሙ።

«እትዬ፣ እባክሽ።»

«እባክሽ ምን?»

«ታውቂዋለሽ። ፊትሽን አይቻለሁ። እሱ የሚያየው ጉሮሮ ብቻ ነው፤ ከተዋጠ በቃው።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ዝናቡ ሲገባ መብራት ጠፍቶ ማቀዝቀዣው ሳይሠራ ሰነበተ። ከዚያ ወዲህ ነው። መጀመሪያ ትንሽ ነበረች፤ በሚቀጥለው ጠመቃ ትጠፋለች ብዬ ዝም አልኩ። የት ትጠፋለች። እርሾዋ ራሷ ይዛው ትዞራለች።»

«የከተማው ሰው እንኳ ስለ ሐዘኑ ብሎ ይጠጣል። የሆቴሉ ሰው ሐዘኑን አያውቅም።»

«አያውቅም።»

«ይተፋዋል።»

ታናሿ ሳሙናውን በሁለት እጇ ጨበጠች። ከዚያ፣ «ታዲያ ምን ልበለው?» አለች። «እህቴ ሁለተኛ ሞተች ልበለው? እንደ ልጅ ነው የሚያያት። ሻሿን ሳይቀር በየሳምንቱ በእጁ ያጥባል።»

ጎሚኒ እጇን ቀሚሷ ላይ አደረቀች። ደክሟታል። አውቶቡሷ ከሰዓት በኋላ ያልፋል፤ ዝም ብላ ብትሄድ የሚከተላት የለም።

«እኔ ልነግረው እችላለሁ» አለች። «ለእኔ ቀላል ነው። ተናግሬ አውቶቡሴ ላይ እወጣለሁ፤ እሱም አይቀየመኝም። እኔ ከሄድኩ በኋላ ግን ወደ አንቺ ይዞራል። 'አንቺም ታውቂ ነበር?' ይልሻል። ያችን ጥያቄ አውቃታለሁ፤ መልስ የላትም።»

«ከእኔ አፍ ቢሰማውስ አይቀየመኝም?»

«ይቀየምሻል። ግን የነገርሽው አንቺ ትሆኛለሽ።»

ታናሿ ቧንቧውን ዘጋች፤ ዘግታም እንደገና አጠበቀችው።

ጎሚኒ ወደ ኋላ ክፍል ገብታ መፍቻዎቿን ትለቅም ጀመር። ጠማቂው ለሆቴሉ የሚላኩትን በርሜሎች በጨርቅ እየወለወለ ነበር። ታናሿ መጋረጃውን ገልጣ ገባች። ጎሚኒ ልትወጣላቸው ፈለገች፤ መውጫው ግን በእነሱ መካከል ነው፤ ስለዚህ ከረጢቷን አቅፋ ታንከሩ ጥግ ቆመች።

«ጋሼ፣ እስቲ ይቀመጡ።»

«መኪናው ሊደርስ ነው እኮ።»

«ይቀመጡ።»

ተቀመጠ። ታናሿ ቆማ ቀረች።

«ቢራው ተበላሽቷል።»

«የቱ?»

«አራቱም።»

ጨርቁን ጉልበቱ ላይ አጥፎ፣ መልሶ ዘረጋው። «ሰው ይጠጣዋል እኮ» አለ። «አሁን እንኳ በያጁ ልዩ ናት ብሎኝ...» ብሎ ሳይጨርስ ቀረ። ራሱ የተናገረውን ራሱ ሰማው መሰለኝ።

«ከመቼ ወዲህ?»

«መብራቱ ከጠፋበት ሰሞን ወዲህ። እርሾዋ ናት፣ ጋሼ።»

ከፊት ለፊት ክፍል የሰው ድምፅ አይሰማም፤ በያጁም ብርጭቆውን ማንቀሳቀስ ትቷል። ጠማቂው ወደ መጋረጃው ዞረ።

«ሁላችሁም እፊቴ ተቀምጣችሁ ስትውጡ ነበር?»

«እንዳይከፋዎት ብለን ነው።»

«አልጠየቅሁሽም።»

ታናሿ ፊቷን አዞረች። ጎሚኒ አሁን ይጮኻል ብላ ጠበቀች፤ አልጮኸም። ተነሥቶ ስልኩን አነሣና ለሆቴሉ ሰው፣ «መኪናውን መልሱት፤ ዛሬ የምሰጣችሁ የለኝም» አለ። ወዲያ ያለው ሰው ብዙ ተናገረ። «እውነትዎን ነው» አለ ጠማቂው። ደግሞም «እውነትዎን ነው» አለና ዘጋው።

ከዚያ ማቀዝቀዣውን ከፈተ። ዕቃውን እንደ ሕፃን ከሥሩ ደግፎ አወጣው። ሻሹን ፈታ፤ ቋጠሮው ጠብቆ ነበርና እስኪላላ በጣቱ ታገለው። አፍንጫውን ወደ ዕቃው አፍ አስጠግቶ ሳበ። ምንም እንዳልመጣለት ሁለቱም ሴቶች አዩ።

«ነይ» አላት ታናሿን። «አሽትቺ። የእሷን ሽታ ታውቂዋለሽ፤ አብረሽ ነው ያደግሽው። እስቲ እሷን ትመስላለች?»

ታናሿ ጎንበስ ብላ አሸተተች። ቶሎ ቀና አላለችም።

«አትመስልም፣ ጋሼ። እሷን መምሰል ከተወች ቆይታለች።»

«እንዲህ ብትዪኝ ኖሮ...» አለ፤ አሁንም አልጨረሰውም። ዕቃውን ወለሉ ላይ ካለው የፍሳሽ ቀዳዳ አጠገብ ወስዶ ደፋው። ወፍራም ስለነበረ ቀስ ብሎ ነው የወረደው። የቀረውን በውሃ ሸኘው። ሻሹን አጥፎ በኪሱ ሊከት ሲል ቆመና ለታናሿ ሰጣት።

በያጁ በመጋረጃው መሰንጠቂያ አንገቱን አስገባ። «ጋሼ፣ እኔ...» 

«አንተ ወደ ቤትህ ሂድ። አበባዋን ግን ትተክልልኛለህ።»

ለካ አበባዋን ያያት ነበር። ውሃ ያጣች መስሎት በየጠዋቱ ውሃ ሲያጠጣት ነው የከረመው።

ጎሚኒ ከረጢቷን መልሳ ወለል ላይ አስቀመጠች። እርሾ ተደፋ ማለት ብቻውን ምንም አይደለም፤ ያ ሽታ ታንከሩም፣ ቧንቧውም፣ ፓምፑም ውስጥ ገብቷል። ሁሉም ተፈትቶ በፍል ውሃ መቀቀል አለበት። ጠዋት ያስገባቻቸውን አዲሶቹን ጎሚኒዎች አንድ በአንድ ታወጣቸው ጀመር። ጠዋቱን ሙሉ የሠራችውን መልሳ ፈታችው ማለት ነው። አውቶቡሱ ጥሩምባውን እየነፋ ሲያልፍ ሰማችው፤ ቀና አላለችም።

«አምልጦሻል እኮ» አላት ጠማቂው፤ የውሃውን በርሜል እሳት ላይ እየጣደ ነው።

«ነገም አለ።»

የበርሜሎቹን ቢራ ደፍተው አብረው አጠቡ። ጠማቂው ከታናሿ ጋር አልተነጋገረም፤ ግን ፍል ውሃውን በባልዲ ሲያቀብል ለእሷ ነበር የሚያቀብለው፤ እሷም እጁን ሳትነካ ትቀበለዋለች። ሊመሻሽ ሲል ጠማቂው ከአንዱ ቧንቧ የወጣ እጥበት ውሃ በብርጭቆ ቀድቶ ወደ ታናሿ ዘረጋላት።

«ሽታ አለው?»

ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። ጎሚኒ አያቻት፤ ራሷን መነቅነቅ፣ «የለውም» ማለት፣ ሁሉም እንዲያርፍ ማድረግ ቀላል ነበር።

«አለው» አለች ታናሿ።

ጠማቂው ራሱን ነቀነቀና ሌላ ውሃ ጣደ።

በማግስቱ ጎሚኒ ስትሄድ ሸኝተዋታል። ጠማቂው ከሌላ ጠማቂ አዲስ እርሾ ለመለመን ወደ ሩቅ ከተማ ሊሄድ እንደሆነ ነገራት፤ ሆቴሉ ይመለስ አይመለስ አያውቅም። «ቤቱን የምዘጋው ከሆነም ንጹሕ ሆኖ ይዘጋ» አለ። አመስጋኝም ወቃሽም አልመሰለም። ለመንገድሽ ይሁን ብሎ የሚሰጣት አንድ ጠርሙስ ቢራ እንኳ አልነበረውም። ታናሿ አውቶቡሱ ድረስ ከረጢቷን ያዘችላት፤ ስትለያትም «ገና አላናገረኝም» አለቻት። «ብርጭቆ ግን ይሰጠኛል።»

ቤቷ ስትደርስ ባሏ የዘበኛ ካፖርቱን ለብሶ፣ የምሳ ዕቃውን ይዞ ሊወጣ ሲል በር ላይ ተገናኙ።

«ደህና ነሽ?»

«አይደለሁም» አለችው። «ጉልበቴን ያመኛል።»

ሰውዬው እግሩን ከደፉ አሳልፎ ለማውጣት አንሥቶት ነበር፤ እዚያው መለሰው። በትዳራቸው ሰምቶት የማያውቀውን ቃል ሰማ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከቆየ ቆይቷል።»

የምሳ ዕቃውን መሬት ላይ አስቀመጠ። አሰበ፣ አሰበና፣ «እኔንም ደረቴን ያመኛል» አላት። ሥራው እየረፈደበት፣ ደፉ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ።